ከደሴ ወደ ሐይቅ፦ ሙስሊምና ክርስቲያን ለተቀላቀለበት ቡድን የአንድ ቀን ጉዞ

የሐረጎ ተመላላሽ | ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ በመሆኑ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በሳምንት ስድስት ቀን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ወደ ሰሜኑ በኩል ግን፣ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል፣ ወደ ወልድያ ሳልፍ ከመኪና መስኮት ጨረፍ አድርጌ ካየሁት በቀር የሐይቅን ውኃ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ሐይቅ ከተማውም ውኃውም በአንድ ስም የሚጠሩበት፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚርቅ ቦታ ነው፤ በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ እያልሁ አሥር ዓመት አለፈ።

አሁን ግን ምክንያት አገኘሁ። በመሥሪያ ቤታችን አሥራ አንድ ሆነን አንድ ቅዳሜ አብረን ለመዋል ተስማምተናል። አራቱ ሙስሊሞች፣ ሰባታችን ክርስቲያኖች ነን። ለወሎ ሰው ማብራራት ባያስፈልግም፣ ሠርግም ሆነ ሐዘን የሁለቱ ወገን ሥጋ ተለይቶ ይታረዳል፣ ተለይቶም ይቀርባል፤ በዚህ ቅር የሚለው ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በወጣንበት ቀን በሁለት ጠረጴዛ ተከፍለን ስንበላ ጨዋታውም አብሮ ለሁለት ተከፈለና እስክንመለስ ድረስ አልገጠመም። ዘንድሮ አንዷ ባልደረባችን «ዓሣን ማን ባረከው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሐይቅ እንሂድ» አለችና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

ቀኑ ኅዳር 7 ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሳይገባ ብለን የመረጥነው ነው። 70 ዓመት ያለፋቸው እናቴም «እስጢፋኖስን ሳልሳለም አልሞትም» ስላሉ አብረውን ይመጣሉ። ስንት ሰዓት ብንነሣ ይሻላል? ዓሣውን ከምግብ ቤት እንብላ ወይስ ከአጥማጆቹ ገዝተን እናሠራ? ጀልባ ላይ መውጣቱስ ለትልቅ ሰው ይሆናል?

የሐይቅ ዳር ልጅ | ሰኞ፣ ጥቅምት 18

እንኳን ወደ እኛ ዘንድ ለመምጣት አሰባችሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሐይቅ ከተማ ስለሆነ ስለ ሰዓቱ እኔ ልመልስ። ከደሴ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ ደህና ደህናው ዓሣ ተሸጧል፣ አጥማጁም ወደ ቤቱ ሄዷል፣ እንግዳው የሚያገኘው ፀሐይ ላይ የተዘረጋ መረብ ነው። አጥማጆቹ መረባቸውን አመሻሽ ላይ ጥለው ያድሩና ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ይሰበስቡታል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ብትነሡ፣ ጠመዝማዛውን መንገድ ሳትጣደፉ ጨርሳችሁ፣ ከከተማው ወደ ውኃው የሚወስደውንም በባጃጅ ተጉዛችሁ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ዳር ላይ ናችሁ። ሚኒባስ ተኮናትራችሁ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ሾፌሩ እስከ ዳር እንዲያደርሳችሁ ደሴ ላይ ሳላችሁ ተነጋገሩ፤ ሐይቅ ከተማ ከደረሳችሁ በኋላ «ኮንትራቱ እስከዚህ ነው» የሚል አይጠፋም።

ጠዋት ላይ ልታዩት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጀልባው ዳር ሲደርስ መረቡ እንደታጠበ ጋቢ ተከምሮ ይታያችኋል። አጥማጁ ዓሣውን ወደ ኋላ አይጎትተውም፤ ስንጥቡ መረቡን ይዞ ስለሚቀር ወይ መረቡ ይበጠሳል ወይ ዓሣው ይቀደዳል። በአውራ ጣቱ የመረቡን ዓይን ከስንጥቡ ላይ ገፋ ያደርግና ዓሣውን በመጣበት አቅጣጫ፣ ወደ ፊት ያሾልከዋል። ልምድ ያለው ሰው ይህን የሚያደርገው ከሰው ጋር እየተጫወተ፣ ወደ መረቡ ሳያይ ነው። እኔ በልጅነቴ አንዱን ዓሣ ለማውጣት ስታገል ዋናው ሰውዬ አምስት ያወጣ ነበር።

ስትገዙ ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ፤ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አመድማ ከሄደ ተዉት። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ መሆን አለበት። ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ወዲያው መመለስ አለበት። ከመዳፋችሁ የማይበልጥ ቆሮሶ ግን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትግዙ፤ በጠባብ ዓይን መረብ የተያዘ፣ ገና ያልወለደ ዓሣ ነው፣ እኛ የዳሩ ሰዎች የምንጣላበት ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ቆሮሶ ራሱ ለሐይቃችን እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። ዛሬ የደሴ ሰው «የሐይቅ ዓሣ» ሲል በአብዛኛው ቆሮሶን ማለቱ ነው።

እትዬ ከሙጋድ | ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

የባልደረባችሁ ንግግር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገረችው። ዓሣው መታረድ ስለማያስፈልገው ማን ባረከው አይባልም፤ እውነት ነው። መጥበሻውስ? ዘይቱስ? ለብዙ ዓመታት በደሴ ምግብ ቤቶች ወጥ ቤት ሠርቻለሁና ልንገራችሁ፤ ብዙ ቦታ ጠዋት ሥጋ የተጠበሰበት መጥበሻ ቀን ላይ ዓሣ ይጠበስበታል፣ ዘይቱም ሳይለወጥ ይውላል። አስተናጋጁን ብትጠይቁት «ችግር የለውም፣ ንጹሕ ነው» ይላችኋል፤ ስለ ንጽሕናው እንጂ ስለ ሌላው የጠየቃችሁት አይመስለውም። ሙስሊሞቹ ባልደረቦቻችሁ ጨዋ ከሆኑ ምንም ሳይሉ «እኔ ሆዴን ትንሽ ስላመመኝ ሻይ ብቻ ይበቃኛል» ይላሉ። ክርስቲያኖቹም በሌላው ወገን ቤት ቢሆኑ እንደዚሁ ሻይ ይጠጣሉ። እንዲህ ሻይ ጠጥቶ የዋለ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር አዲስ መጥበሻ ገዝታችሁ፣ ያልተከፈተ ዘይት ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። ዳሩ ላይ ዓሣ አጽድተውና ጠብሰው የሚሰጡ ሴቶች አሉ፤ የራሳችሁን ዕቃ ብትሰጧቸው አይቀየሙም፣ ምክንያቱንም ሳትነግሯቸው ያውቁታል። ቢላዋና መክተፊያም ጨምሩ። እንጀራውን ከቤት ያዙ።

አጠባበሱን በተመለከተ፣ ትኩስ ዓሣ ብዙ ቅመም አይፈልግም። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ጎንና ጎኑ በቢላዋ እስከ አጥንቱ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ይደረጋል፤ ይህ መሰንጠቅ ዘይቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ትንንሾቹን አጥንቶች እንዲያደርቃቸው ነው። ከዚያ በጨውና በሎሚ ታሽቶ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል፣ ውኃው በደንብ ይንጠፈጠፋል፣ ጥቂት ዱቄት ነስነስ ይደረግበትና በጣም በጋለ ዘይት ይገባል። ዘይቱ ካልጋለ ዓሣው ከመጥበሻው ይጣበቅና ሲገለበጥ ይፈራርሳል። አዋዜውን ለብቻ አቅርቡት። ለእናትዎ ግን ከአንገቱ በታች ያለውን የጀርባ ሥጋ ይስጧቸው፣ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ ለመለየት ይቀላል።

ጡረተኛው መምህር | ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ስለ ምግቡ በቂ ተብሏል፤ ስለ እናትዎ ስለት ግን ሳይረፍድ ማወቅ ያለብዎ ነገር አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። እናትዎ ይህን እዚያ ደርሰው ቢሰሙት ሊያዝኑ ስለሚችሉ ከቤት ሳይነሡ ይንገሯቸው። ቆመው የሚሳለሙት ከውጭ ነው። በዕድሜያቸው ያሉ እናቶች በአብዛኛው ያውቁታልና «ልሳለም» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

ወንዶቹ ግን ስትገቡ የት እንደቆማችሁ ዐውቃችሁ ግቡ። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ ወገን ከመሬት ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባበታል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ዳሞ መጥተው ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት እዚህ ነው። ኋላ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ሥር ለዓመታት ተምረዋል። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ ይህ ማዕርግ በመካከለኛው ዘመን በቤተ መንግሥት ከነበሩት ከፍተኛ የቤተ ክህነት ሥልጣኖች አንዱ ነበር። እንግዲህ ከደሴ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይፈጀው ይህ ቦታ በዘመኑ የአገሪቱ መጻሕፍት ይገለበጡበት፣ መነኮሳትም ተምረው ወደየአውራጃው ይበተኑበት የነበረ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ብዙ ቢጎዳም ከጥንቱ የተረፉ የብራና መጻሕፍት አሉት፤ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራው ወንጌልም ከእነዚህ ይቆጠራል።

የአባታችን በዓል ኅዳር 26 ነው። በዚያ ቀን ለመሳለም የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ስለሚሆን ለመዝናናት የሚመች አይደለም፤ ኅዳር 7 መምረጣችሁ መልካም ነው።

እግረ መንገዴን፣ እናትዎ ምናልባት ይተርኩላችሁ ይሆናል፤ ሐይቁ ስለተፈጠረበት ሁኔታ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ተበድላ ወደ ፈጣሪ ብትጮኽ ምድሩ ሁሉ ውኃ ሆነ፣ ልዕልቲቱም ሰጠመች፣ የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረና ገዳሙ የተተከለው በእርሱ ላይ ነው ይባላል። በሴት እንባ ተርፏል የሚባል ቦታ ሴት የማይገባበት መሆኑን ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይጠይቁኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ቦርከና | ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ስለ ጀልባው የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ያለፈው ዓመት ቤተሰቤን ይዤ ከኮምቦልቻ ሄጄ ነበር። አንድ ወጣት በተወሰነ ሂሳብ ሊያዞረን ተስማምቶ አሳፈረን፤ መሐል ሐይቅ ከደረስን በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ «የተነጋገርነው ለአንድ ሰው ነው» አለ። ስድስት ነበርን። ሁለቱ ልጆቼ ናቸው፣ ዋና የሚችል አንድም ሰው የለም፣ የአደጋ ጃኬት የሚባል ነገር በጀልባው ውስጥ አልነበረም። ከፈልሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ? ወጣቱን ስሙን አላነሣም፤ ሁሉም እንደ እርሱ ናቸውም አልልም።

ስለዚህ ሂሳቡን ምስክር ባለበት፣ «ለሁላችንም፣ ደርሶ መልስ» ብላችሁ በግልጽ ተዋዋሉ፣ ክፍያውንም ስትመለሱ ስጡ። ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ይህ ሐይቅ ከዳሩ ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። የባሕር ዳርን ሐይቅ የለመደ ሰው ሰፋ ስላለ ጣና የሚጠልቅ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጣና እጅግ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ የሐይቅን ሢሶ እንኳ አይሞላም።

ነርሷ | ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሣርና ቄጠማ በበዛበት፣ ውኃው በማይንቀሳቀስበት ዳር እግራችሁን ዘፍዝፋችሁ አትቀመጡ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። የበሽታው ትል ያልቆሰለ ቆዳንም ዘልቆ ይገባል። እግር የነከረ ሰው ወዲያው ወጥቶ በፎጣ አጥብቆ ያድርቅ፣ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከመጣበትም ሐይቅ ደርሶ እንደነበር ለሐኪሙ ይንገር።

የጦሳው ብርድ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በምርጫው አልስማማም። ሐይቅ በዕረፍት ቀን ሙዚቃና ሰው ይበዛበታል። ጸጥታ የሚፈልግ ቡድን ከበላዩ ወዳለው ወደ አርዲቦ ይሂድ፤ ውኃውም ይበልጥ የጠራ ነው፣ ተራራዎቹም ቀረብ ብለው የከበቡት ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የአርዲቦን ውበት አልክድም፤ ለነገሩ ውኃው በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ እኛው ሐይቅ ስለሚወርድ የሚያመሰግኑት የእኛኑ ውኃ ነው። የእኛው መውጫ ስለሌለው የመጣለትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ነገር ግን 70 ዓመት ያለፋቸውን እናት በዚያ መንገድ መውሰድ አይታየኝም። ሙዚቃው የሚጀምረውም ከቀትር በኋላ ነው፤ ማልደው የሚመጡ ሰዎች ከመጀመሩ በፊት ጨርሰው ይሄዳሉ። የመንገዱን ሁኔታ ግን በዋዜማውም በጠዋቱም ከመናኸሪያ ሾፌሮች ሳታጣሩ አትነሡ።

የሐረጎ ተመላላሽ | ሰኞ፣ ኅዳር 9

ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን ልዘግብ። ለመነሣት የተቀጣጠርነው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሆንም የኮምቦልቻዎቹ ዘግይተው 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሣን። ለደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ የለበስነውን ካፖርት ሐይቅ ስንደርስ አውልቀን በክንዳችን ይዘን ዋልን፤ ሐይቁ ከደሴ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ መሆኑን አስቀድሜ ባነበውም ከወገቤ እስኪያልበኝ ድረስ አላሰብሁበትም ነበር።

ብንዘገይም የመጨረሻዎቹን ሁለት ጀልባዎች ደረስንባቸው። መረቡን ከስንጥቡ ላይ በአውራ ጣት የመግፋቱን ነገር አንዱ ባልደረባችን ካልሞከርሁ ብሎ ተቀበለና መረቡን በጠሰው። አጥማጁ ምንም አላለም፤ መረቡን ተቀብሎ የተበጠሰውን ዓይን ቋጠረና ቀጠለ። ዋጋውን እንክፈል ብንለው ሳቀብን። አሥራ አራት ዓሣ ገዛን፣ እያንዳንዱን ስንጥቡን እየገለጥን። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ቡናማ ያዘነበለ ነበርና ስንመልስለት አጥማጁ «ይህን ማን አስተማራችሁ?» አለን። ለመድረኩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

መጥበሻውን እንደተመከርነው አዲስ ገዝተን ሄድን። የጠበሱልን ሴት ላስቲኩ ያልተቀደደውን መጥበሻና ያልተከፈተውን ዘይት ሲያዩ ወደ አሥራ አንዳችንም አንድ በአንድ ተመለከቱና «እህ፣ ገባኝ» ብለው የራሳቸውን ዕቃ ገፋ አደረጉት። ቅርፊቱን ሲፍቁ እንደ ብልጭልጭ ወረቀት እየተስፈነጠረ በነጠላቸው፣ በፀጉራቸውና በእኔ መነጽር ላይ አረፈ። ዓሣው በአንድ ትልቅ ትሪ ላይ፣ ከቤት በያዝነው እንጀራ ተሸፍኖ ቀረበ። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ለመቀመጥ ስለማይመች ሁለት ሁለቱ ወደ ጎን ዞረው፣ ክንዳቸውን በሌላው ትከሻ ላይ አሳልፈው ይቆርሱ ነበር። ባለፈው ዓመት በሌላኛው ጠረጴዛ የነበረው የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናቴ አጎረሳቸው። አጥንት እንዳለው አጥብቆ ፈትሾ ነበር፤ ሆኖም አንዲት ትንሽ አመለጠችው፣ እናቴም በሁለት ጣታቸው አውጥተው «ይችን ለራስህ» ብለው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

ገዳሙን በተመለከተ መምህሩ የጻፉትን ለእናቴ በዋዜማው ስነግራቸው «አንተ አሁን ነው የሰማኸው?» አሉኝ። ከውጭ ቆመው ተሳለሙ፣ ለረጅም ጊዜም ቆዩ። ሙስሊሞቹ ባልደረቦቻችን አጠገባቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቋቸው፤ እኛ ወንዶቹ ክርስቲያኖች ገብተን ተሳልመን ስንመለስ እናቴ የነፍሰ ጡሯን ሴት ታሪክ እየተረኩላቸው ነበር። በእርሳቸው አተራረክ ልዕልቲቱ አትሰጥምም፤ ይቅርታ ትጠይቅና ትተርፋለች። መምህር፣ ይህን የሚል ሌላ ሰው ሰምተው ያውቃሉ?

ጀልባ አልተሳፈርንም። ጃኬት ሦስት ብቻ ነበር።

ጡረተኛው መምህር | ሰኞ፣ ኅዳር 9

አልሰማሁም። እናትዎ ከማን እንደሰሙት ጠይቀው ቢጽፉልኝ እወዳለሁ፤ ራሳቸው ያረሙት ከሆነም ይንገሩኝ።

እትዬ ከሙጋድ | ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ደስ ብሎኛል። ለመሆኑ መጥበሻውን ማን ወሰደው?

የሐረጎ ተመላላሽ | ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ማንም አልወሰደውም፤ ይህም ራሱን የቻለ ክርክር ሆኖ ነበር። ከእኛ አንዱ ቤቱ ከወሰደው ሥጋ ይጠበስበትና ለሚቀጥለው ጉዞ አይሆንም፤ ከእነርሱም አንዱ ቢወስደው እንደዚያው ነው። ስለዚህ ታጥቦ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ኮምቦልቻ ቢሮአችን ውስጥ ከፋይል መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጧል። ትናንት አዲስ የመጣ ተላላኪ አይቶት ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ የሒሳብ ክፍሉ ሰው «የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፣ አትንካው» አለው።